ለጣት የሚበጅ ሰንጢ፣ ለሕግ የሚበጅ ሰንጢ

ስለ ሰንጢ ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። አማርኛ ለስለት የስም ድህነት የለበትም። ቢላዋ አለ፣ ካራ አለ፣ ጩቤ አለ፣ ጎራዴ አለ፣ ምላጭ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ታጥፎ ኪስ የሚገባው ሰንጢ ነው። የሚያሳዝነው የሰንጢ ስም መክፋቱ ነው። «ሰንጢ ይዞ ተገኘ» ሲባል ብርቱካን ሊልጥበት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የለም፤ ለሁላችንም የሚታየን ጨለማ መንገድና የተቀደደ የኮት ኪስ ነው።

እውነተኛው ሰንጢ ግን ከዚህ በጣም የሰከነ ኑሮ የሚኖር ዕቃ ነው። ሲባጎ ይቆርጣል፣ ካርቶን ይቀዳል፣ ፖስታ ይከፍታል፣ እርሳስ ይቀርጻል፣ በለስና ብርቱካን ይልጣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይገፋል። የታሰረ ፌስታል በጥርሱ ሲፈታ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ደህና ሰንጢ ከያዘ በኋላ ያለ እርሱ ከቤት መውጣት ይከብደዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል «ሰንጢ» የሚሉ ጎልማሶች አሉ፤ «የትኛውን?» ሲባሉ ግን «የስዊስን» ብለው ያቆማሉ።

«የትኛውን?» የሚለው ጥያቄ የብረት ጥያቄ ይመስላል። ግማሹ ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ሕግ ስላጠና ሁሉም ነገር ሕግ ሆኖ ይታየዋል እንዳልባል ከብረቱ ልጀምር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰንጢዎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የዋጋ ወይም የአገር ልዩነት አይደለም። ስለቱ ከተዘረጋ በኋላ ምን ይዞት ይቆማል የሚለው ነው። በጥንታዊው ዓይነት የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ከእጀታው ጀርባ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ሞላ የስለቱን ሥር ይጫነዋል፤ ሲዘረጋም ሲታጠፍም «ቀጭ» ይላል። መቆለፊያ የለውም። ስለቱ በጀርባው በኩል በደንብ ከተገፋ ይታጠፋል። ስለዚህ ጫፉን እንጨት ላይ ሰክቶ የሚታገል ሰው ስለቱ ተመልሶ ጣቱ ላይ ሊዘጋበት ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ሰንጢ ባለቤት ከጊዜ በኋላ አንድ ልማድ ያዳብራል፤ ይስባል እንጂ አይወጋም።

የስዊሱ ሰንጢ በአብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ካርል ኤልስነር የተባለው ባለሙያ በ1884 ኢባክ በምትባል የሽቪትስ መንደር የቢላ ማምረቻ ከፈተ። በዚያን ጊዜ የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ፈልጎ በአገሩ የሚያቀርብለት ስላጣ የመጀመሪያውን ዙር ከጀርመን ከተማ ከዞሊንገን አስመጣ። ነገሩ ኤልስነርን ስላንገበገበው ከ1891 ጀምሮ እርሱ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውን፣ የቡሽ መንቀያ ያለውን «የመኮንኖች ሰንጢ» በስሙ አስመዘገበ። መንግሥት ለመኮንኖቹ የሚያድለው አልነበረም፤ በኪሳቸው ይገዙት ነበር። በ1909 የሞተች እናቱን ቪክቶሪያን ለማስታወስ ፋብሪካውን በስሟ ጠራው፤ በ1921 የማይዝግ ብረት ሲመጣ «ኢኖክስ» የምትለዋ ቃል ተጨመረችና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ዌንገር የሚባለው ሌላው የስዊስ ሰንጢ ሠሪም በ2005 በዚሁ ኩባንያ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ዛሬ «ዋናው የስዊስ ጦር ሰንጢ» የሚባለው አንድ ቤት ነው፤ ስለቱ ሥር ላይ ስሙ ተቀርጾ ካላገኙት ቀዩ እጀታና ነጩ መስቀል ብቻውን ምንም አይመሰክርም።

ከዚህ ቤት በብዛት የሚታወቀው ታጥፎ 9.1 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ነው። ካቻቢቴው፣ ቆርቆሮ መክፈቻው፣ ጠርሙስ መክፈቻው፣ ወረንጦውና ስቴኪኒው አብረውት አሉ። ታናሹ ወንድሙ 5.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሚዛኑ ሃያ ግራም አካባቢ ስለሆነ ከቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ይረሳል። ሥጋ አይበልትም፤ ግን በቢሮ ውስጥ ከሚያጋጥም ነገር የማይቆርጠው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ወገን የሚቆለፈው ነው። እዚህ ፈረንሣዩን ኦፒኔል ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ነው። ዦሴፍ ኦፒኔል በ1890 ገደማ በሳቯ ተራሮች ለገበሬ ጎረቤቶቹ የሠራው፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ከስለቱና ከእንጨቱ በቀር ምንም ያልተጨመረበት ሰንጢ ነው። ከ1955 ጀምሮ በአንገቱ ላይ የምትሽከረከር የብረት ቀለበት ተጨመረችለት። ቀለበቷ ስትዞር ስለቱ ከፊትም ከኋላም ይታገዳል። መጠኑ በቁጥር ይሸጣል፤ 8 ቁጥሩ የስለት ርዝመቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከሃምሳ ግራም አይበልጥም። ከ6 ቁጥር በታች ያሉት ቀለበት የላቸውም። አንድ ዐመል አለው፤ ውኃ ሲነካው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። የሳቯ ገበሬዎች ለዚህም መላ አላቸው፤ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል። እኔ ለገጠር፣ ለአትክልት ቦታና ለሽርሽር ከዚህ የተሻለ በዋጋው አላውቅም።

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው በ1964 በክ 110 የሚባለውን አወጡ። ከጀርባው የሚቆለፍ፣ የነሐስ ጫፍ ያለው፣ ሁለት መቶ ግራም የሚመዝን ከባድ ሰንጢ ነው። በቀበቶ ካልሆነ በኪስ አይያዝም፤ ሱሪ ያወርዳል። ኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የሚባል ባለሙያ በእጀታው ውስጥ ያለችው ስስ ብረት ራሷ ሞላ ሆና ከስለቱ ሥር እንድትደገፍ የሚያደርገውን ስልት ፈር አስያዘ። በ1981 ደግሞ ስፓይደርኮ የተባለው የኮሎራዶ ድርጅት ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ በስቶ፣ እጀታው ላይ ክሊፕ ሰክቶ ብቅ አለ። አውራ ጣት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይገፋል፣ ስለቱ ይዘረጋል፣ ሌላው እጅ ነፃ ነው። መሰላል ላይ ለቆመ ኤሌክትሪሻን ወይም በአንድ እጁ ገመድ ለያዘ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራም አለ። ኦካፒ የሚባለው በ1902 ጀርመን ውስጥ ለቅኝ ግዛት ገበያ ሲመረት የጀመረ ሲሆን ዛሬ የሚሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። የሚቆለፈው ዓይነት ጀርባው ላይ ቀለበት አለው፤ ሲዘረጋ እንደ ጥርስ ያለ ነገር «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይሄዳል። ድምፁ ብቻውን ሰው ያስደነግጣል።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ይመስላል። የሚቆለፈው ለጣት ይበጃል፤ በአንድ እጅ የሚዘረጋው ለሥራ ይቀላል። ታዲያ ሁላችንም እርሱን አንገዛም? እዚህ ላይ ነው ሕግ የሚገባው። ጣትን የሚጠብቀው መቆለፊያ በብዙ አገር የሕግ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ነውና።

የእንግሊዝ ሕግ የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 139 ስለት ያለው ነገር በአደባባይ መያዝን ይከለክላል። ከክልከላው የሚወጣው ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ የኪስ ሰንጢ ነው። ሕጉ ስለ መቆለፊያ አንዳች አይልም። ሃሪስ በተባለ ተከሳሽና በዐቃቤ ሕግ መካከል የተደረገው፣ በ1993 በፍርድ መድበል የወጣው ክርክር ግን ነገሩን ለወጠው። ፍርድ ቤቱ «ታጣፊ» ማለት በማንኛውም ጊዜ በማጠፍ ብቻ ወዲያው የሚታጠፍ ማለት ነው አለ። ለማጠፍ መጀመሪያ መቆለፊያውን መጫን የሚያስፈልገው ሰንጢ በተዘረጋ ጊዜ እንደ ማንኛውም የማይታጠፍ ቢላ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ አጭር መሆኑ አያድነውም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1998 በሌላ ጉዳይ ይህንኑ አጸና። በእንግሊዝና በዌልስ ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል።

በእርግጥ «በቂ ምክንያት» የሚል መከላከያ አለ። ምንጣፍ አንጣፊው ወደ ሥራ ሲሄድ የሚቆለፍ ሰንጢ ቢይዝ ማስረዳት ይችላል። ነገር ግን ያው ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰንጢው ካለፈው አርብ ጀምሮ ጃኬቱ ውስጥ ተረስቶ ቢገኝ፣ «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርለትም። ለንደን ላሉ ወንድሞቻችንና ልጆቻችን ይህ የመጽሐፍ ክርክር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስጦታ የተላከ የሚቆለፍ ሰንጢም፣ ከአሜሪካ ዘመድ የመጣ ባለ ክሊፕ ሰንጢም ያው ነው። ኦፒኔሉም ቀለበት ካለው እዚያው ይመደባል። ስፓይደርኮ እንኳ ለእንግሊዝ ገበያ ብሎ መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ለመሥራት ተገድዷል።

ጀርመኖች ደግሞ ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ በአንድ እጅ የሚዘረጋና የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ ከለከሉ። እስር ሳይሆን እስከ 10,000 ዩሮ የሚደርስ መቀጮ ነው። አስቂኙ ነገር የስዊስ ጦር በዚያው ዓመት የተቀበለው አዲሱ የወታደር ሰንጢ በአንድ እጅ የሚዘረጋና የሚቆለፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ የስዊስ ወታደር ሰንጢ ድንበሩን ተሻግሮ በጀርመን ኪስ ውስጥ ሲገባ የተከለከለ ዕቃ ይሆናል፤ ቀዩ የመኮንን ሰንጢ ግን አይሆንም። በ2024 ሕጉ እንደገና ጠብቆ፣ አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ በሕዝብ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ቢላ መያዝን አግዷል።

ኒው ዮርክ ከሁሉም የባሰ ታሪክ አላት። ከ1958 ጀምሮ በእጅ ንዝረት የሚዘረጋ ሰንጢን የሚከለክል ሕግ ነበራት። ፖሊስ ሰንጢውን ተቀብሎ በእጁ ይወረውረዋል፤ ከተዘረጋ ባለቤቱ ይታሰራል። በአሥር ሙከራ አንዴ የሚዘረጋውስ? አንዱ ፖሊስ የሚያቅተው፣ ሌላው የሚሳካለትስ? ዕቃውን ከተራ የመሣሪያ መደብር ገዝተው ለሥራ የያዙ ብዙ ሰዎች በዚህ ተከሰዋል። አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉ ግልጽነት ይጎድለዋል ካለ በኋላ በግንቦት 2019 ተሻረ። ይሁን እንጂ በከተማዋ ስለቱ አራት ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቢላ በአደባባይ መያዝ፣ ትንሹንም ቢሆን ለሰው በሚታይ ሁኔታ መያዝ አሁንም የተከለከለ ነው። ክሊፕ ደግሞ ሥራው ማሳየት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሰንጢን በሳንቲ ሜትር አይለካም፤ ይቆለፋል አይቆለፍም ብሎም አይጠይቅም። ይህ ግን ኪሳችን ነፃ ነው ማለት አይደለም። በበዓላት፣ በስታዲየምና በየመሥሪያ ቤቱ በር ስለት ይዞ መግባት እንደማይቻል ስንሰማ የኖርነው ነገር ነው፤ ፈታሹም ስለ ቪክቶሪኖክስ ታሪክ ማብራሪያ አይፈልግም። ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ሕግ ሰንጢን የሚያገኘው ጥቅም ላይ ሲውል ነው።

አንቀጽ 556ን እንመልከት። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ፣ አንዱ ሌላውን በቡጢ መታው፣ ቀላል ጉዳት ደረሰ እንበል። ይህ በተጎጂው አቤቱታ የሚያስጠይቅ ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ቢታረቁ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። አሁን ደግሞ ያው ጉዳት፣ ያው ጭረት፣ በእጁ ይዟት በነበረች ብርቱካን መላጫ ሰንጢ ደረሰ እንበል። ሕጉ ገዳይ መሣሪያ ወይም ጉዳት ማድረስ የሚችል ሌላ መሣሪያ መጠቀምን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ያኔ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ክሱ በተጎጂው አቤቱታ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ይቀራል። «ታርቀናል፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ማለት በራሱ ክሱን አያስቆምም። ሃያ ግራም ብረት ጉዳዩን ከሽማግሌ እጅ አውጥቶ ለመንግሥት ያስረክበዋል ማለት ነው።

«እኔ የምይዘው ለመከላከያ ነው» የሚል ወጣት አጋጥሞኛል፤ አንድ ብቻም አይደለም። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያውቃል። ነገር ግን ጥቃቱ ሕገወጥና ድንገተኛ ወይም በጣም የቀረበ መሆኑን፣ በሌላ መንገድ ማስወገድ አለመቻሉንና ምላሹ ከመጠን አለማለፉን ይጠይቃል። መጠኑ ሲያልፍ አንቀጽ 79 ይመጣል፤ እርሱ ቅጣት የሚያቀልበት፣ በሚታመን ፍርሃትና ድንጋጤ ሲሆንም እስከ መማር የሚያደርስ ነው፣ ግን ሰውየው እስከዚያ ድረስ ተከሳሽ ነው። ባዶ እጁን የመጣን ሰው በሰንጢ የመለሰ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከኋላ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ቅድም እንዳልነው መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ሲወጉበት የሚዘጋው በባለቤቱ ጣት ላይ ነው። ለመከላከያ ብሎ ሰንጢ የሚይዝ ሰው ባይይዝ ይሻለዋል፤ ይህን በሙሉ አፌ እላለሁ።

እንግዲህ የትኛው? በከተማ ለሚኖር፣ ቢሮ ለሚገባና ለሚወጣ፣ አልፎ አልፎም ወደ ውጭ ለሚጓዝ ሰው መልሴ መቆለፊያ የሌለው፣ በሁለት እጅ የሚዘረጋ፣ ስለቱ ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ሰንጢ ነው። የ9.1ዱ የስዊስ ሰንጢ ይህን ያሟላል። አንድ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ያለው ባለሙያ የሚቆለፈውን ይግዛ፤ ከሥራ ሣጥኑ ጋር ይዞት ይሂድ፣ ከሣጥኑ ጋር ይመልሰው። የበክ ዓይነቱ ለአደንና ለመስክ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲኬድ ደግሞ የትኛውም ቢሆን ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ አሜሪካኖች በ2013 ትንንሽ ሰንጢ ወደ አውሮፕላን ይግባ ብለው አስታውቀው የበረራ አስተናጋጆች ሲቃወሙ በሦስት ወር ውስጥ ትተውታል።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። የማይዝገው ለኪስ ይሻላል። ካርቦን የበዛበት ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ጥሩ ነው፤ ሎሚና ሽንኩርት ከነካው ግን ይጠቁራል፣ ክረምት ላይ ካልተጠረገና ዘይት ካልነካው ይዝጋል። ኦፒኔል በሁለቱም ዓይነት ይሸጣል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ግን ከማርኩ ይልቅ እጅዎን ይመኑ። ስለቱን ዘርግተው ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙት፤ የሚላወስ ከሆነ ይመልሱት። አጥፈው ወደ ብርሃን ያንሱትና ስለቱ መሐል ላይ መቀመጡን ይዩ፤ ወደ አንዱ ጎን ያዘነበለ በስድስት ወር ውስጥ እጀታውን መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ ቀስ እያሉ ሲያጥፉት ሞላው እስከ መጨረሻው የሚታገል መሆን አለበት። አስመስሎ የተሠራው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። መልኩን በደንብ ይቀዱታል፣ ሞላው ግን ልፍስፍስ ነው፤ መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ሞላው ከላላ ከጣት ጋር ጸብ አለው ማለት ነው። የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ዘርግተው ቆልፈው፣ ጣቶችዎን ከስለቱ መንገድ አርቀው፣ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለው ይምቱት፤ ከተለቀቀ መቆለፊያው ለስም ነው።

የደነዘ ሰንጢ ከሰላው ይልቅ ይቆርጣል፤ ኃይል ስለሚጠይቅ ያዳልጣል። መሳያ ድንጋይ ከሌለ ሲኒ ይበቃል። ሲኒውን ገልብጠው ሲያዩት ከሥሩ ያለችው ቀለበት ያልተለበጠችና ሻካራ ናት። ስለቱን ከሃያ ዲግሪ ባልበለጠ ማዘንበል፣ ማለትም ጀርባው ከሲኒው ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ስስ ቅጠል የሚገፉ ይመስል ከሥር እስከ ጫፍ ይጎትቱት። አሥር ጊዜ በአንዱ ጎን፣ አሥር ጊዜ በሌላው፤ ከዚያ አንድ አንድ ጊዜ እያፈራረቁ። ሲጨርሱ በጣት ሳይሆን በጋዜጣ ወረቀት ይሞክሩት።